ጥገኛ የሚለው መስመር

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ይህን መጀመሪያ ላይ የማነሣው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆንም ግን እውነት ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ሬዲዮና ቴፕ በምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሊጥለው ያመጣውን ኮምፒውተር ፈትቼ ገጠምኩ። ከዚያ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁና በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። ጁባ ስገባ ከእኔ በፊት የመጡ አበሾች ኮምፒውተር ይሸጡ ነበር፤ የሚጠግኑም ነበሩ። ፕሮግራም የሚጽፍ ግን እኔን አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አልተዋወቅንም።

የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ ሳሙና ነው። ከነጭ አባይ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት ሰፈር ውስጥ ትልቅ መጋዘን ያለው ወዳጅ አለኝ። የጅማ ሰው ነው፣ ጅምላ ነጋዴ ነው፤ ሁሉም ሐጂ ይለዋል፣ እኔም ሐጂ እለዋለሁ። ለመጋዘኑ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም በአማርኛ ሠራሁለት። አንድ ቀን ማሽኑ ላይ «ሳሙና» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ «የለም» አለው። ሐጂ አመነውና ከካምፓላ አንድ መኪና ሙሉ ሳሙና አዘዘ። መኪናው ደርሶ ሊራገፍ መጋዘኑ ሲከፈት፣ የኋለኛው ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ሳሙና ተደርድሮበታል። ዕቃ ተቀባዩ በንጉሡ ሠ «ሣሙና» ብሎ መዝግቦት ኖሯል።

ሐጂ በስልክ አስጠራኝ። ስደርስ በሁለት የሳሙና ግንብ መካከል ተቀምጧል።

«አንተ ባሽሙሃንዲስ» አለኝ። እዚህ አገር መሐንዲስን በማክበር እንዲህ ይሉታል፤ ሐጂ የሚጠራኝ ግን ሲናደድ ብቻ ነው። «እኔ ሳሙና አለ ወይ አልኩት እንጂ የኔታ ነህ ወይ አልኩት?»

«ማሽኑ ጥፋት የለበትም። ለእሱ ሳ እና ሣ እንደ ሳሙናና እንደ ሲሚንቶ የተለያዩ ናቸው።»

«እንግዲያው አስተዋውቃቸው።»

አስተዋወቅኳቸው። ሀን ከሐ እና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ እያዛመደ፣ ሰው በፈለገው ፊደል ቢጽፍ ማሽኑ አንዱን ቃል እንዲያገኝ የሚያደርግ ሥራ ጻፍኩ። ፀሐይን እንዴትም አድርገህ ጻፋት፤ ያችኑ አንዷን ፀሐይ ያመጣልሃል። እንዲህ ያለውን፣ ለብቻው የማይከፈት፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሲያስፈልጋቸው የሚጠሩትን ትንሽ ሥራ በሙያው ቋንቋ ላይብረሪ ይሉታል። ሐጂ ይህን ሲሰማ «ቤተ መጻሕፍት ከፈትክ አሉ፤ ወንበርስ አለው?» እያለ ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ይሣቅ። እንዲያ ዓይነት ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ሲሠራም አላየሁም።

ከዚያ ጦርነቱ የፈነዳበት ያ ታኅሣሥ መጣ። ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲጀመር እኔ ሎሎጎ ሰፈር ከተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ላፕቶፔን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሰል ጆንያ ውስጥ ቀበርኩትና ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ብዙ የሚናገረው አለው፤ የእኔ ይኸው ነው። ተኩሱ ጋብ ሲል ከሰሉን አራግፌ ላፕቶፑን ሳወጣ አንድ ነገር ታየኝ፤ ያ ሁሉ ሥራ ያለው እዚህች አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለሐጂ ሰጥቼው ነበር፤ ፍላሹን ከቁልፎቹ ጋር አንጠልጥሎት ከቁልፎቹ ጋር ጠፋ። ኢንተርኔት ላይም አስቀምጬው ነበር፤ ግን ማንም በማይገባበት ጓዳ ውስጥ እንደተጣለ ዕቃ ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ ግራ ዓይኔ ደፍርሷል። እኔና ላፕቶፔ ከሄድን ሥራው አብሮን ይሄዳል።

ስለዚህ ሊኑክስ ውስጥ ላስገባው ቆረጥኩ። ሊኑክስ ማንም ሳይከፍልበት የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ፕሮግራሞቹን አሰባስበው፣ መርምረው፣ አሽገው ለዓለም የሚያድሉ ሰዎች አሉ፤ ደመወዝ የላቸውም። የሚያድሉትን ጠቅላላ ስብስብ እንደ አንድ የማይዘረፍ መጋዘን አስቡት። አንድ ጊዜ እዚያ የገባ ሥራ በየአገሩ ይገለበጣል፤ በዲስክም ይመጣል፤ ጸሐፊው ይኑር ይሙት ማንም አይጠይቅም። ነገር ግን አዲሱ እትም ሊወጣ ሲል የመጋዘኑ በር ይዘጋል። በዚያ ዓመት በሩ የሚዘጋው ዝናቡ ሲያባራ ነበር። ካመለጠኝ የሚቀጥለውን እትም ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ አለብኝ። ሁለት ዓመት ለወጣት ምንም አይደለም።

እንደ እኔ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ሥራውን መርምሮ በስሙ የሚያስገባለት አባል ያስፈልገዋል። እሱን ስፖንሰር ይሉታል።

ኮሎሎ መንገድ ላይ ካለችው ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ። የቤቱ ባለቤት ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ጋምቤላ በስደት አድጋ አዲስ አበባ ተምራለች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። አንድ ቀን ከቀዝቃዛ አገር አንድ ሰው «እሺ፣ እኔ እመለከትልሃለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ደስታዬን መቻል አቃተኝና ከወንበሬ ተነሥቼ «ስፖንሰር አገኘሁ!» አልኩ።

ቤቱ ውስጥ ሦስት አበሾች ነበሩ። በዚያ ዓመት ጁባ ውስጥ ስፖንሰር የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ የሚወስድህ ሰው። ሦስቱም አቀፉኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኛል። ፓስተሩ ወደ ፊት አወጣኝና «ጌታ በሽምግልናቸው በር ከፍቶላቸዋል!» አለ። ጉባኤው «ሃሌሉያ!» ብሎ አጨበጨበ። «በር» ሲል እኔም የመጋዘኑን በር እያሰብኩ አብሬ አጨበጨብኩ። ነገሩ የገባኝ አንዲት እህት ከጸሎት በኋላ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ይዛልኝ ስትመጣ ነው። በዚያ ሙቀት ሹራቡን ማየቱ ብቻ ያልባል።

«እህቴ፣ እኔ እኮ አልሄድም። የሚሄደው ሥራዬ ነው» አልኳት።

«ሥራው ከሄደ እርስዎ ለምን ይቀራሉ ጋሼ?»

«ስፖንሰሩ የሚያስገባው ሥራዬን ብቻ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች በንዴት። «ጉልበትዎን ወስዶ እርስዎን ይተዋል? ይልበሱት ለማንኛውም፣ ጌታ ይለውጠዋል።»

ሹራቡን ተቀበልኩ። ላፕቶፑን ጠቀለልኩበት።

ለስፖንሰሬ እሽጉን የላክሁለት ጥንቅቅ አድርጌ ነው። መልሱ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ውድ ጌታዬ፣ ላይብረሪዎ ትንሽ ሆኖ ሳለ እሽጉ እንዲህ የገዘፈው ለምንድን ነው? የሌሎች ሰዎችን ላይብረሪዎች ጨምረውበታል። ለምን?»

ለምን? ጁባ ስለምኖር ነዋ! ወደ ጁባ ዕቃ የላከ ሰው ይህን አይጠይቅም። በር ከላክህ ማጠፊያውን፣ ማጠፊያውን ከላክህ ብሎኑን፣ ብሎኑን ከላክህ መፍቻውን አብረህ ትልካለህ፤ ዕቃው ሲደርስ እዚህ አንዱም ላይገኝ ይችላል። እኔም ሥራዬ የሚጠራቸውን ሦስት ላይብረሪዎች፣ የአማርኛ ፊደል የሌለው ማሽን ቢያጋጥም ብዬ የፊደሉን ቅርጽ ጭምር፣ ሁሉንም አንድ ላይ አሽጌ ላክሁ። ማንም ማሽን ላይ ቢያርፍ ማንንም ሳይጠይቅ ይሠራል። ይህንኑ አብራርቼ ጻፍኩለት።

እሱ ደግሞ አብራርቶ መለሰ። የጨመርኳቸው ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ አሉ። ማድረግ ያለብኝ እነሱን አውጥቼ፣ ከእሽጉ ጋር በሚሄደው የመግለጫ ፋይል ላይ «ዲፔንድስ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት ስማቸውን መጻፍ ብቻ ነው። ማሽኑ ያንን አንብቦ ራሱ ያመጣቸዋል።

ዲፔንድስ። መዝገበ ቃላቴን ማውጣት አላስፈለገኝም። ጥገኛ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ጥገኛ፣ ጥገኝነት፣ ጥገኝነት ጠያቂ የማይባልበት ቦታ አልነበረም። እኔ በሕይወቴ ጥገኛ ሆኜ አላውቅም። አስተማሪ አልነበረኝም፣ አለቃ አልነበረኝም፤ የሰው ጠረጴዛ ላይ እጄን ዘርግቼ አላውቅም። አሁን በእርጅናዬ፣ ለዓለም በሚሰራጭ ፋይል ላይ፣ ከሥራዬ ስም ሥር «ጥገኛ ነው» ብዬ ልጽፍ?

«ምን ሆነሃል አባባ?» አለችኝ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት። ፊቴን አይታ መሆን አለበት። «ዴ ሹኑ? ምንድን ነው ያለህ?»

«ጥገኛ ነኝ በል ይለኛል።»

ጠጋ ብላ ስክሪኑን አነበበችው። ሣቀች። «ያን ጀነሬተር ታየዋለህ? ያለ ነዳጅ አይነሣም። ጥገኛ ነው? ይሰደብ?»

«እኔን ከጀነሬተር ጋር!»

«ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ። አንተማ በፀሐይ ነው የምትሠራው።»

የቤቱ ደንበኞች ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም። በጥሩ እንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና ላክሁ፤ «ሥራዬ የማንም ጥገኛ አይደለም።»

መልሱ ለመምጣት ዘገየ። ዝናቡ እየቀነሰ ነበር። በየጊዜው ኮሎሎ እሄዳለሁ፤ ባለቤቲቱ ከሩቅ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ሲመጣ አጭር ነው። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ጽሑፍን ወደ ቃላት የሚከፍለው፣ እሽጉ ውስጥ የጨመርኩት ላይብረሪ አሮጌ ቅጂ ነው፤ በየቃሉ መጨረሻ የማይታይ ትርፍ ምልክት ይተዋል፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን ከተጠገነ ቆይቷል። ሁሉም ሰው የየራሱን ቅጂ ይዞ ቢመጣ፣ አንድ ጉድለት ሲገኝ በየቤቱ እየዞረ የሚጠግን አይኖርም። ሁለተኛ፣ በሩ ሊዘጋ ነው፤ መስመሩ ካልተጻፈ እሽጉን ማስገባት አይችልም። «አዝናለሁ» ይላል።

ሸሪካት ሄድኩ። ለሐጂ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረዘርኩለት። እሱ ጣቃ እያስቆጠረ በአንድ ጆሮው ሲሰማኝ ቆየ።

«ቆይ፣ እኔ ሳሙና የማስመጣው ከየት ነው?» አለኝ።

«ከካምፓላ።»

«ሳሙና ያለ ውኃ ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ታዲያ አባይ እዚሁ ደጃፌ እየሄደ ውኃ ከካምፓላ ልጫን? ሰው አይስቅብኝም?»

«ነገሩ ሌላ ነው ሐጂ።»

«ምንም ሌላ አይደለም። ሰውዬው ውኃ አለኝ እያለህ ነው። አንተ ግን በርሜል ተሸክመህ በሩ ላይ ቆመህ ትጨቃጨቃለህ። የተሸከምከው ደግሞ የቆሸሸ ውኃ ነው አለህ። አሁን እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ!»

ተቆጥቼ ነው የወጣሁት። ከሐጂ ጋር ስንለያይ አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥቼ ነው፤ ለዚህ ነው ወዳጅነታችን የቆየው። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቼ ድልድዩን ስሻገር ከታች ሰዎች ይታጠባሉ፤ ሞተር ሳይክል የሚያጥቡም አሉ፤ አረፋው ከወንዙ ጋር ይሄዳል። የሐጂ ሳሙና ሊሆን ይችላል። ዓይኔን አዞርኩ፣ ግን አይቼዋለሁ።

ቤቴ ገብቼ ላፕቶፑን ከሹራቡ ፈታሁት። ለሙከራ ብቻ ብዬ አሮጌውን ቅጂ አወጣሁና የተጠገነውን አገናኘሁት። የመጋዘኑን ዕቃዎች እንዲያነብ አዘዝኩት። ስኳር «ስኳ» ሆኖ መጣ። ሩዝ «ሩ» ሆነ። ሻማ «ሻ» ብቻ ቀረች። ሳሙናስ? «ሳሙ»! አንድ መጋዘን ሙሉ ማን ማንን እንደሳመ እንጃ።

መጀመሪያ ያልኩት «ይኸው! የሰው ዕቃ!» ነው። ቆይቼ ግን ገባኝ። ከዓመታት በፊት ያ ትርፍ ምልክት አስቸግሮኝ፣ ከየቃሉ መጨረሻ አንድ ምልክት የሚቆርጡ ጥቂት መስመሮች ጽፌ ነበር። ጉድለቱ የማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያገኘሁለት መፍትሔ፤ በጣም እኮራባቸው ነበር፤ አሁንም ጥሩ መስመሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ትርፍ ምልክቱ ሲጠፋ ግን መቁረጣቸውን አልተዉም፤ ደህናውን ፊደል ይቆርጣሉ። እግሩ የዳነ ሰው ክራንች ይዞ ሲሄድ ራሱን እንደሚጠልፍ ማለት ነው።

 ከዚያ መስመሮቹን አጠፋኋቸው። ሳሙና ሳሙና ሆነ።

የቀረው ቀላል ነበር። ሌሎቹንም ቅጂዎች አወጣሁ፤ የፊደሉንም ቅርጽ አወጣሁ። እሽጉ ሲጨረስ በጣም ከማነሱ የተነሣ የጎደለ መስሎኝ ደጋግሜ ከፈትኩት። የመግለጫ ፋይሉን ከፍቼ ከዲፔንድስ ፊት ለፊት ሦስቱን ስሞች በየተራ ጻፍኩ። ስጽፋቸው ላይብረሪዎቹን ስለሠሩት ሰዎች አሰብኩ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ስለ አማርኛ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። አንደኛው ቃል እንዴት እንደሚከፈል ጭንቅላቱን የፈጨው ለራሱ ቋንቋ ነው፤ በኋላ ሰው ፊደላችንን ጨመረበት፤ ሌላ ሰው ጉድለቱን አረመው። ደመወዝ የለም፣ ሹመት የለም። ብዙዎቹም እንደ እኔ ራሳቸውን ያስተማሩ እንደሆኑ በኋላ አንብቤአለሁ፤ ባይሆኑም አይከፋኝም።

ጠዋት ኮሎሎ ስደርስ ኢንተርኔቱ እየሞተ እየተነሣ ነበር። ባለቤቲቱ ሌሎቹን ደንበኞች «ኻላስ፣ ይበቃል፣ ለትንሽ ጊዜ ሁላችሁም ውጡ፣ አባባ ዕቃ እየላከ ነው» ብላ መስመሩን ለእኔ ብቻ አደረገችው። አንድ ልብስ ነጋዴ አጉረመረመ።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው በኢንተርኔት የሚላከው?»

«ሳሙና» አለችው።

እሽጉ ሄደ። ትንሽ ስለነበረ ነው የሄደው፤ የድሮው ቢሆን ኖሮ በዚያ መስመር አያልፍም ነበር። ከስፖንሰሬ የመጣው መልስ «አመሰግናለሁ፤ አስገብቼዋለሁ» ይላል። ከዚያም ከታች አንድ መስመር ጨምሯል፤ ንጹሕ ሥራ ነው ይላል። ንጹሕ መሆኑን ድሮም አውቅ ነበር፤ ቢሆንም አትሜ አስቀመጥኩት። በሩ ሲዘጋ ሥራዬ ውስጥ ነበር።

ላፕቶፑ የሞተው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የሐጂ መጋዘን ውስጥ ሰክቼው ሳለ ጀነሬተሩ ሲነሣ ኃይሉ ዘለለና አንዴ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ከዚያ ጨለመ። ከፈትኩት፤ ውስጡ የሚጠገን አልነበረም፤ እኔ የማይጠገን ካልኩ አይጠገንም። ወሬው ሲሰማ ሰው ልቅሶ እንደሚደርስ ይመጣ ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ጌታ ያጽናዎት» አሉ። ሐጂ «አላህ ይተካው» ብሎ ሻይ አስመጣ። ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ነበር መሰለኝ፣ ባሽሙሃንዲስ አላለኝም።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤትም ከኮሎሎ መጋዘኑ ድረስ መጣች። የራሷን ላፕቶፕና አዲሱን የሊኑክስ እትም የያዙ ዲስኮች ይዛለች፤ ከናይሮቢ በሰው ያስመጣቻቸው ናቸው። መጋዘኑ ውስጥ ኢንተርኔት የለም። ላፕቶፑን ሳሙና ካርቶን ላይ አስቀመጠችና ዲስኩን አስገብታ ወደ እኔ ገፋችው።

«ጥራው» አለችኝ።

የላይብረሪዬን ስም ጻፍኩ። ማሽኑ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጥያቄ አወጣ፤ ይህን ለመጫን እነዚህም አብረው ይጫናሉ፤ ይቀጥል? ከሥር ሦስቱ ስሞች ተደርድረዋል።

ሐጂ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አሰገገ። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ጥገኛ የሆንኩባቸው ናቸው።»

«ታዲያ ዋናው ማን ነው?»

«ዋናው እኔ ነኝ። የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ አብረውኝ ነው የመጡት።»

ባለቤቲቱ ሣቀች። «ይቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ከዲስኩ ላይ አራታችንም ገባን። የመጋዘኑን ፕሮግራምና መዝገብ ከሐጂ ማሽን ገልብጬ ከፈትኩና ወንበሩን ለሐጂ ለቀቅሁለት። ሐጂ ቀስ ብሎ ፊደል ፈለገ፤ ሊፈትነኝ መሆኑ ገብቶኛል። በንጉሡ ሠ፣ «ሣሙና» ብሎ ጻፈ።

ማሽኑ «አለ» አለው።

ሐጂ ወደ ኋላ ዞሮ ግድግዳውን አየ። «አለ» አለ።